ነውሩ የማን ነው? ስለ ሁለት እኅትማማቾች የተጻፈ ልብ ወለድና ለእኛ የተወው ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ክሪስቲን ሐና እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችው «ዘ ናይቲንጌል» የተሰኘ ልብ ወለድ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በሚሊዮኖች እጅ ገብቷል። በግቢ ጉባኤያችንም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ናዚ ጀርመን በያዛት ፈረንሳይ ስለኖሩ ሁለት እኅትማማቾች ነው። ናይቲንጌል በሌሊት የምትዘምር ወፍ ናት፤ የእኅትማማቾቹ የቤተ ሰብ ስም «ሮሲኞል»ም በፈረንሳይኛ የዚህችው ወፍ መጠሪያ ነው።

ስለ መጽሐፉ ስንወያይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይነሣል። አንደኛው የታናሺቱን እኅት ጀግንነት አድንቆ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው «ሴት ስትደፈር የሚተርክ ልብ ወለድ ለሰንበት ተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። ሁለቱም መጽሐፉ ያነሣውን ዋና ጥያቄ ያለፉት ይመስለኛል። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ደወሉ ሲደወልና ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል፣ በገዛ ቤቷ የተደፈረች ሴት ወደ ሰፈሯና ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ስትመለስ ነውሩን የሚሸከመው ማን ነው? ነውሩ ሙሉ በሙሉ የአድራጊው እንደ ሆነ አምናለሁ። የቅዱሳት መጻሕፍትና የአበው ትምህርትም ይኸው ነው። እኛ ምእመናን ግን በአነጋገራችን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን እንመሰክራለን። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ያልሸሸገው ታሪክ

አስቀድሜ «ለምን ይነበባል» ለሚለው መልስ ልስጥ። ቅዱሳት መጻሕፍት የሴቶችን መከራ ሸፍነው አላለፉም። የያዕቆብ ልጅ ዲና በሴኬም የደረሰባት (ዘፍ. 34)፣ የዳዊት ልጅ ትዕማር በገዛ ወንድሟ በአምኖን የደረሰባት (2ኛ ሳሙ. 13)፣ በጊብዓ ሌሊቱን ሙሉ ተዋርዳ ደጃፍ ላይ የወደቀችው ሴት (መሳ. 19) ሁሉ ተጽፈዋል። ነቢዩ ኤርምያስም ስለ ኢየሩሳሌም መፍረስ ሲያለቅስ የቤተ መቅደሱን መቃጠል ብቻ አላነሣም፤ በጽዮን የተዋረዱትን ሴቶች በልቅሶው ውስጥ አስገብቷቸዋል (ሰቆ. ኤር. 5፥11)። እነዚህ ምዕራፎች የተጻፉት እንድናፍርባቸው አይደለም፤ እንድናለቅስና እንድንፈርድ ነው። ሰቆቃወ ኤርምያስን በሕማማት ሳምንት የሚሰማ ምእመን በጦርነት ስለ ተዋረደች ሴት ማንበብ የለበትም የሚል ክርክር አይጸናም። መጠየቅ ያለበት የአተራረኩ መልክ ነው፤ ደራሲዋ ድርጊቱን ለዓይን መዝናኛ ታደርገዋለች ወይስ የተጎጂዋን ክብር ትጠብቃለች? ክሪስቲን ሐና በአብዛኛው ሁለተኛውን መርጣለች። ትረካው ከድርጊቱ ይልቅ በማግሥቱ ላይ ያርፋል፤ በማግሥቱ ልጆች ቁርስ ይፈልጋሉና።

ቪያን እና ኢዛቤል

ታላቂቱ ቪያን ካሪቮ በተባለ ምናባዊ የገጠር ከተማ የምትኖር መምህርት ናት። ባሏ አንቷን እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ተማርኳል፤ ከእርሷ ጋር የቀረችው ትንሿ ልጇ ሶፊ ብቻ ናት። ታናሺቱ ኢዛቤል ከአንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስትባረር ያደገች፣ ለመታዘዝ ያልተፈጠረች ልጃገረድ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ሞታለች። አባታቸው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሰው መንፈሱ ተሰብሮ ነው፤ ልጆቹንም ለባዕድ ሰው ጥሏቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ እኅትማማቾች ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊትም የተራራቁ ነበሩ።

ኢዛቤል አውሮፕላናቸው ተመትቶ የወደቀባቸውን የእንግሊዝና የአሜሪካ አብራሪዎች በእግሯ እየመራች የፒሬኔን ተራሮች ታሻግራለች፤ የምስጢር ስሟም «ናይቲንጌል» ነው። ቪያን በበኩሏ የጀርመን መኮንን ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ፣ ለድንች ለዳቦ ተሰልፋ፣ ልጇን ከረኀብ ለማዳን ትታገላለች። በመጨረሻ ኢዛቤል ተይዛ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጎሪያ ትወሰዳለች፤ ከዚያ በሕይወት ብትመለስም ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ቪያን ግን ዕድሜ ተሰጥቷት በ1995 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሕር ዳርቻ የምትኖር አሮጊት ሆና እናገኛታለን። ተራኪዋ አሮጊት ከሁለቱ የትኛዋ እንደ ሆነች አንባቢው እስከ መጨረሻው እንዳያውቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ሐሳቤን ለመግለጽ ስለሚያስፈልገኝ ይህን ምስጢር መግለጤን ያላነበባችሁ ይቅር በሉኝ።

የኢዛቤል ታሪክ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ደራሲዋ መነሻ ያደረገችው አንድሬ ደ ዮንግ የተባለችውን ቤልጅማዊት ወጣት ነው። አንድሬ እ.ኤ.አ. በ1941 ገና የ24 ዓመት ልጅ ሳለች ከቤልጅም ተነሥታ በፈረንሳይ በኩል እስከ ስፔን የሚደርስ «ኮሜት» የተባለ የማምለጫ መሥመር ዘረጋች። ራሷ የሸኘቻቸው ሰዎች ከ100 በላይ ናቸው። በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ተያዘች፤ ሲመረምሯት የመሥመሩ መሪ እኔ ነኝ ብትልም ይህን ሁሉ ያደረገችው አንዲት ወጣት ሴት መሆኗን ለማመን ተቸግረው ነበር። አባቷ በ1944 እ.ኤ.አ. በናዚዎች ተረሸነ። እርሷ ግን ከራቨንስብሩክና ከማውትሃውዘን ማጎሪያዎች ተረፈች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። ነርስ ስለ ነበረች የቀረ የሥራ ዘመኗን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሰጠች፤ በኮንጎ፣ በካሜሩን፣ በሴኔጋልም አገልግላለች፤ ካገለገለችባቸው ቦታዎች መካከል የእኛዪቱ አዲስ አበባ አንዷ ናት። የሰው ልጅ ሌላውን የሰው ልጅ እንደ ቁሻሻ ሲጥል በዓይኗ ያየች ሴት፣ ከነጻነቷ በኋላ የሄደችው ሰው ሁሉ ወደሚሸሻቸው ሕሙማን ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በ90 ዓመቷ ዐረፈች።

እውነት ሲገድል

ከመጽሐፉ ክፍሎች ልቤን በጣም የነካው ውጊያም ሽሽትም የሌለበት ጸጥ ያለ ትዕይንት ነው። በቪያን ቤት የሚኖረው መኮንን ቤክ ጨዋ፣ ሚስቱንና ልጆቹን የሚናፍቅ ሰው ነው። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ ከሚያስተምሩት መካከል አይሁድ፣ ኮሚኒስቶችና የመሳሰሉት እነማን እንደ ሆኑ ስማቸውን ጽፋ እንድትሰጠው በትሕትና ይጠይቃታል። የቢሮ ሥራ ነው፤ እርሷ ባትሰጠውም ከሌላ ያገኘዋል። ቪያን ጻፈች። ከጻፈቻቸው ስሞች አንዱ የልብ ጓደኛዋና ጎረቤቷ የራሼል ነበር።

ቪያን አልዋሸችም፤ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ በቃሉ አልጣሰችም። ይሁን እንጂ እውነትም በገዳይ እጅ ሲገባ እንደሚገድል ቅዱስ መጽሐፍ አስቀድሞ አሳይቶናል። ኤዶማዊው ዶይቅ ካህኑ አቢሜሌክ ለዳዊት እንጀራና ሰይፍ እንደ ሰጠው ለሳኦል ሲናገር ያየውን ነው የተናገረው። በዚያ እውነት ምክንያት የኖብ ካህናት በሰይፍ አለቁ (1ኛ ሳሙ. 22)። በተቃራኒው ሲፓራና ፉሐ የተባሉት አዋላጆች ለፈርዖን እውነቱን አልነገሩትም፤ የዕብራውያንንም ሕፃናት አዳኑ፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው (ዘጸ. 1)። ረዓብም የሸሸገቻቸውን ሰዎች ለንጉሡ መልእክተኞች አሳልፋ አልሰጠችም (ኢያ. 2)። ሐሰትን ማንም አያመሰግንም። ነገር ግን አፋችንን ከመክፈታችን በፊት የምንናገረው ቃል በማን ጆሮ እንደሚገባና ምን እንደሚሠራበት መመርመር የሕጉ ልብ ነው።

የታሪኩ ሐቅም ይህን ያጸናል። በፈረንሳይ ጥፋቱ በአንድ ቀን አልመጣም። በጥቅምት 1940 እ.ኤ.አ. የቪሺ መንግሥት አይሁድን ከመምህርነትና ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ሕግ አወጣ። ቀጥሎ ምዝገባ መጣ። በሰኔ 1942 እ.ኤ.አ. በተያዘው ክልል ቢጫ ኮከብ በልብሳቸው ላይ እንዲሰፉ ታዘዙ። በሐምሌ 16 እና 17 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. በፓሪስና በአካባቢዋ 13,152 አይሁድ ታፈሱ፤ ከእነርሱም ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ያፈሷቸው የጀርመን ወታደሮች አልነበሩም፤ ስምና አድራሻ የያዘ ካርድ በእጃቸው ያደረጉ የፈረንሳይ ፖሊሶች ነበሩ። በጦርነቱ ዘመን ከፈረንሳይ ወደ 76,000 የሚጠጉ አይሁድ ተግዘው ወደ 2,500 ገደማ ብቻ ተመለሱ። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሀገራቸውን ተጠያቂነት በይፋ ያመኑት ከ53 ዓመታት በኋላ በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ የራሼል ትንሽ ልጅ ሣራ ሲሸሹ በጥይት ተመታ ትሞታለች፤ ራሼልም ትጋዛለች። ሕፃኑን ልጇን አሪን ለቪያን አስረክባት ትሄዳለች። ስሟን በወረቀት ላይ የጻፈች እጅ ልጇን ተቀበለች። ቪያን ከዚያ በኋላ የምታደርገው ሁሉ ከዚያ ወረቀት የሚጀምር ንስሐ ነው ብዬ አነብበዋለሁ።

የወጥ ቤት ጀግንነት

የኢዛቤል ጀግንነት ይታያል፤ ተራራ አለው፣ ቅዝቃዜ አለው፣ የድል ሽልማትም ይከተለዋል። የቪያን ግን በወጥ ቤትና በመማሪያ ክፍል ውስጥ የተደበቀ ነው። አሪን «ዳንኤል» ብላ የራሷ ልጅ አድርጋ አሳደገችው። ቀጥሎም ከከተማው ገዳም እመምኔት ጋር ተባብራ ወላጆቻቸው የተጋዙባቸውን 19 ሕፃናት በሐሰተኛ ስም በገዳሙ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ደበቀች። እውነተኛ ስማቸው እንዳይጠፋም በምስጢር መዝግባ አስቀመጠች። ለመግደል ስም የጻፈች እጅ፣ ለማዳን ደግሞ ስም ጻፈች።

እንዲህ ያለው ተግባር በእውነተኛው ታሪክም ተፈጽሟል። በፈረንሳይ ብዙ ገዳማትና ክርስቲያን ቤተ ሰቦች የአይሁድን ልጆች ሸሽገዋል። አብዛኞቹ የካቶሊክ ጳጳሳት ዝም ባሉበት ወቅት የቱሉዙ ሊቀ ጳጳስ ሳልዬዥ በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. ግዞቱን የሚቃወም መልእክት በአብያተ ክርስቲያናቸው አስነብበዋል። አንድ ሽማግሌና ታማሚ ጳጳስ የጻፉት አጭር መልእክት ለብዙ ምእመናን ደጃቸውን እንዲከፍቱ ምክንያት ሆኗል። ከመድረክ የሚነገር ቃል ከንቱ አይደለም፤ ከመድረክ የሚቀር ቃልም እንዲሁ ያለ ውጤት አይቀርም።

በወንጌል ማርታና ማርያም የተባሉ እኅትማማቾችን እናውቃለን። ማርታን አብዛኛውን ጊዜ የምናስታውሳት በሥራ መጨናነቋ ስለ ተገሠጸች ነው (ሉቃ. 10፥38-42)። በዮሐንስ ወንጌል ግን አልዓዛር ሞቶ ሳለ ወደ ጌታ ወጥታ የተቀበለችውና ክርስቶስ መሆኑን በግልጽ የመሰከረችው ይህችው የወጥ ቤቷ ማርታ ናት (ዮሐ. 11፥20-27)። ሰውን በአንድ ገጽ ብቻ መፈረጅ እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን። ኢዛቤልም እኅቷን «ፈሪ» ብላ ፈርዳባት ነበር፤ ቪያን ምን እንደ ሠራች ያወቀችው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በአሜሪካ ያሉ የአሪ ዘመዶች ይፈልጉታል። ቪያን እንደ ልጇ ያሳደገችውን፣ «እማዬ» የሚላትን ሕፃን ለሕዝቡና ለእምነቱ መልሳ ትሰጣለች። ነፍሰ ሥጋን ማዳን ለሌላ ዓላማ መያዣ ሊሆን እንደማይገባ ይህ ክፍል በጸጥታ ያስተምራል። የሸሸገችው የእርሷ እንዲሆን ብላ አልነበረም፤ በሕይወት እንዲኖር ብላ ነበር።

ነውሩ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከቤክ በኋላ በቪያን ቤት የተቀመጠው ፎን ሪሽተር የተባለ የኤስ ኤስ መኮንን ደጋግሞ ይደፍራታል። ጦርነቱ ሲያበቃ ባሏ ከምርኮ ሲመለስ እርሷ ፀንሳለች። ልጁን በአባቷ ስም «ጁልየን» ብላ ጠራችው። ለባሏ እውነቱን አውጥታ አልነገረችውም፤ ልጇም አድጎ፣ ሐኪም ሆኖ፣ አርጅታ ሲጦራት እንኳ አባቱ ማን እንደ ሆነ አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ዝም ብላለች።

«ለምን አልጮኸችም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኦሪት ዘዳግም ሴት በሜዳ ብትያዝ በእርሷ ላይ ምንም እንዳይደረግ፣ ለሞት የሚያበቃ ኃጢአት እንደሌለባት፣ ነገሩም ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ እንደሚገድለው ያለ መሆኑን ያዝዛል፤ ምክንያቱም ብትጮኽም የሚያድናት አልነበረም (ዘዳ. 22፥25-27)። ልብ በሉ፤ ሕጉ ድርጊቱን ያመሳሰለው ከዝሙት ጋር ሳይሆን ከነፍስ ግድያ ጋር ነው። የተገደለን ሰው «ረከስህ» የሚለው የለም። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ዳኛ በሆነበት ዘመን ደግሞ ከተማው ሁሉ ሜዳ ነው። በቤቷ የተሸሸገ ሕፃን ያላት ሴት ብትጮኽ የሚመጡት የደፋሪዋ ባልደረቦች ናቸው።

ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ቀኖና በጻፈው መልእክቱ በግድ የተፈጸመ ርኩሰት በተፈጸመባት ላይ እንደ በደል እንዳይቆጠር አስተምሯል። ኃጢአት ፈቃድ ይሻል፤ ፈቃድ በሌለበት ያለው መከራ ነው። በስንክሳር ክብራቸውን ላለማስደፈር ሞትን የመረጡ ሰማዕታትን እናከብራለን፤ ማክበራችንም ተገቢ ነው። የሰማዕታቱን ገድል በሕይወት ለተረፈችው እኅታችን መክሰሻ ማድረግ ግን ገድሉን አለመረዳት ነው። የሰማዕታቱ አምላክ የትዕማርም አምላክ ነው።

በትዕማር ታሪክ ውስጥ ሁለት ወንዶች ሊያስተምሩን ይገባል። ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፤ አባቷ ዳዊት ተቈጣ፣ ነገር ግን ምንም አላደረገም። ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች። በመጀመሪያ ግን ትዕማር ዝም አላለችም፤ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄዳ ነበር። ዝም ያሰኟት ወገኖቿ ናቸው። እንግዲህ ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዲት ሴት ራሷን ወይም ልጇን ለመጠበቅ የምትመርጠው ዝምታ አለ፤ ሌሎች ቤታቸውን ከሐሜት ለመጠበቅ የሚጭኑባት ዝምታም አለ። የመጀመሪያው መብቷ ነው፤ ማንም «ተናገሪ» ብሎ ሊያስገድዳት አይገባም። ሁለተኛው ግን በአካባቢዋ ያለነው ሁሉ የምንጠየቅበት ነው።

የቪያን ዝምታ የትኛው ነው? ደራሲዋ የመጀመሪያው አድርጋ አቅርባዋለች፤ ጁልየን በንጹሕ ፍቅር እንዲያድግ እናቱ የከፈለችለት ዋጋ ነው። እኔም አከብረዋለሁ። ሆኖም እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቪያን እውነቱን ብትናገር ልጇን «የጠላት ዘር» የሚለው ጎረቤት፣ እርሷንም «ከጀርመኖች ጋር የኖረች» የሚላት ገበያተኛ ባይኖር ኖሮ ትደብቀው ነበር? ነጻ በወጣችው ፈረንሳይ ከጀርመኖች ጋር ግንኙነት ነበራቸው የተባሉ ብዙ ሴቶች በአደባባይ ጸጕራቸው ተላጭቶ ተዋርደዋል። እንዲህ ባለ አደባባይ ፊት ቪያን ነጻ ምርጫ ነበራት ማለት አልችልም።

ስለ ልጁም ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጽ ተናግሯል (ሕዝ. 18፥20)። በማቴዎስ ወንጌል የጌታ የትውልድ ሐረግ ሲቈጠር የተጠሩት እናቶች ትዕማር፣ ረዓብ፣ ሩትና የኦርዮ ሚስት ናቸው (ማቴ. 1)፤ ሰው በሹክሹክታ የሚያነሣቸውን ወንጌላዊው በመጀመሪያው ምዕራፍ በግልጽ አነሣቸው።

መጽሐፉ የጎደለው

መጽሐፉ ያለ ነቀፌታ አይታለፍም። የኢዛቤል የፍቅር ታሪክ አልፎ አልፎ የታሪኩን ክብደት ያቀልለዋል፤ አንዳንድ አጋጣሚዎችም ለደራሲዋ እጅግ ይመቻሉ። ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ግን የራሼል ነው። በጦርነቱ ዋነኛ የጥፋት ዒላማ የሆነችው አይሁዳዊት ከባቡሩ ከተሳፈረች በኋላ ድምፅዋን አንሰማም፤ ታሪኳን የምናውቀው በአዳኞቿ በኩል ነው። አንባቢ የቪያንን መልካምነት እያሰበ ተጽናንቶ መጽሐፉን ሲዘጋ ከ76,000ዎቹ አብዛኞቹ ቪያን የሚባል ጎረቤት እንዳላገኙ ሊያስታውስ ይገባዋል።

እኛስ?

ይህን ሁሉ የጻፍሁት የፈረንሳይን ታሪክ ለማስተማር ብቻ አይደለም። በሀገራችን ሰሜን ስለ ተካሄደው ጦርነት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጥምረት መርምረው በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች ጾታዊ ጥቃት ለመፈጸማቸው አሳማኝ ምክንያት እንዳለ ገልጸዋል። ስለዚህ ቪያን በሩቅ ሀገር የምትኖር የልብ ወለድ ሴት ብቻ አይደለችም። በሰንበት ቅዳሴ ነጠላዋን ተከናንባ ከዓምዱ ጀርባ የቆመች እኅታችን ልትሆን ትችላለች። ማን እንደ ሆነች መጠየቅ የለብንም፤ እንዳለች አውቀን መናገርና መኖር ግን አለብን።

በእኛ በሰንበት ተማሪዎችና በዲያቆናት አቅም የሚሠሩ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው አንደበታችንን ማረም ነው። ስለ ንጽሕና ስናስተምር ፈቃዷ ያልነበረበትን ድርጊት ከዝሙት ጋር አንድ አድርገን መናገር ይቅር። እኛ ወጣት ዲያቆናት ስለ ድንግልናና ስለ ተክሊል አዘውትረን እንማራለን፤ «ንጽሕት» የሚለውን ቃል በአፋችን ስናመላልስ በጉባኤው መካከል ተቀምጣ የምትሰማን እኅት ልትኖር እንደምትችል እናስብ። የሥርዓቱን አፈጻጸም መወሰን የአባቶች ድርሻ ነው፤ ጥያቄውንም በአክብሮት ለእነርሱ ማቅረብ ይገባል። ቃላችን ቁስል እንዳይነካ መጠንቀቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ሕክምናን ከጸሎት አለመለየት ነው። ጥቃት የደረሰባት እኅት ወደ እኛ ብትመጣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ መሆኑን እንወቅ። ጠበል ልንወስዳት ብንሻ መልካም ነው፤ ግን ሐኪም ቤቱ አይዘግይ። አብራት የምትሄድ አንዲት ታማኝ እኅት ትኑር።

ሦስተኛው ንስሐ አባቷን ይመለከታል። ወደ አባቷ የምትቀርበው ለመጽናናት፣ ለመጸለይና ቍጣዋንና ኀዘኗን በእግዚአብሔር ፊት ለማፍሰስ ነው። በእርሷ ላይ ስለ ተፈጸመው ግፍ ግን ንስሐ የሚገባው ያደረገው ሰው ነው። ይህን ልዩነት ለሚመጡት ሴቶች በግልጽ የሚነግሩ አባቶች አሉ፤ ቍጥራቸው ይብዛልን።

አራተኛው ሕፃኑን ይመለከታል። ከእንዲህ ያለ መከራ የተወለደ ሕፃን ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን እንደ ማንኛውም ሕፃን ክርስትና ይነሣል። በዚያ ቀን «አባቱ ማን ነው?» የሚል ሹክሹክታ በቅጥሩ ውስጥ እንዳይሰማ የክርስትና አባትና እናት ለመሆን የምንሽቀዳደም እኛ እንሁን። ከውኃውና ከመንፈስ የተወለደ ልጅ አባቱ ይታወቃል።

በመጽሐፉ መጨረሻ አሮጊቷ ቪያን ወደ ፓሪስ ተጉዛ ስለ እኅቷ ጀግንነት ትመሰክራለች። ስለ ራሷ ግን ጥቂት ብቻ ትናገራለች። እዚያም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያላየችው አሪ፣ ጐልማሳ ሆኖ፣ ሊያገኛት መጥቷል። ስሙን ለውጣ ያዳነችው ልጅ እናትነቷን አልረሳውም። የእኛ እኅቶች ግን እስኪያረጁ፣ ሌላ ሀገርም እስኪሄዱ ድረስ እንዲጠብቁ ልናደርጋቸው አይገባም። በአጥቢያቸው፣ በወጣትነታቸው፣ ሕመሙ ገና ትኩስ ሳለ ነውሩ የእነርሱ እንዳልሆነ ከእኛ አፍ ይስሙ።

የተሰበረውን ልብ የሚጠግን አምላክ የተጎዱትን እኅቶቻችንን ያጽናልን፤ ለሀገራችንም ሰላምን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን